አምና ታርቀን ዘንድሮ በሲስተም ስለ መጣላታችን

ለተከበሩ አቶ ቃለሕይወት ሐብተማርያም
የሰባቱ ቀበሌዎች የይዞታ መረጃ ማዕከል ኃላፊ
ወላይታ ሶዶ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ እርስዎ፣ ቤተሰብዎ፣ የቢሮዎ ሠራተኞች፣ በተለይም ክረምቱን ታምሞ የከረመው የማዕከሉ ሰርቨር እንደምን ሰነበታችሁ እላለሁ። እኔ ለጤናዬ ደህና ነኝ። ታላቅ ወንድሜ ጦናም ደህና ነው፤ ምንም እንኳ በማዕከልዎ መረጃ መሠረት የእርሱን ደህንነት የማውቅበት አንዳች ምክንያት ባይኖረኝም።

ስሜ ኤልሳዕ ሻንቆ ይባላል። እዚሁ ሶዶ ውስጥ በአንድ የሙያ ኮሌጅ ዳታቤዝ አስተምራለሁ። ለአዲስ ተማሪዎች በየዓመቱ የምነግራቸው አንድ ቀልድ አለኝ፤ እኛ ወላይታዎች ኮምፒውተር ከመምጣቱ በፊት ዳታ የምናውቀው ከጥሬ ሥጋ ጋር የሚቀርበውን የቃሪያ ማባያ ነው፣ ያኛው ዳታ ሲበሉት ያቃጥላል፣ ይኸኛው ግን ሲጠፋ ነው የሚያቃጥለው እላቸዋለሁ። ተማሪዎቹ ለውጤታቸው ሲሉ ይስቃሉ። ዘንድሮ ግን ቀልዱን ስነግራቸው እኔው ራሴ መሳቅ አቃተኝ፤ ለዚህም ምስጋናው የእርስዎ ነው።

ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የምጽፍልዎት እርስዎን ለማሳጣት እንዳይመስልዎት። በአካል ስንመጣ ስብሰባ ላይ ነበሩ፤ ስንደውል የስብሰባውን ሪፖርት እያዘጋጁ ነበር፤ የአስተያየት መስጫ ሳጥኑ ውስጥ እንዳንከት ደግሞ የሳጥኑ ቁልፍ ከጠፋ መቆየቱንና እስከ አፉ ሞልቶ መቀመጡን የበሩ ጥበቃ በትሕትና አስረድተውናል። ስለዚህ ከሕዝብ ጋር አብረው ቢያነቡት ሳይሻል አይቀርም ብለን ነው።

አንባቢ ግራ እንዳይጋባ ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ። አባታችን አቶ ሻንቆ ከኦቶና ወጣ ብሎ ያለውን ይዞታቸውን ለእኔና ለጦና አካፍለው አረፉ። የጦና ቤት ከፊት ነው፣ የእኔ ከኋላ። በመካከል አንድ ሰውና አንዲት ላም ጎን ለጎን የማያልፉባት፣ ተራ የሚጠባበቁባት ጠባብ መተላለፊያ አለች፤ በአፏ ላይ ደግሞ አንድ አቮካዶ ቆሟል። እኔ መተላለፊያዋ የእኔ ናት አልኩ። ጦና አቮካዶውም መተላለፊያውም የእኔ ነው አለ። ነገር ነገርን እየወለደ ሄደና እኔ እርሱን ከሰስኩ፣ እርሱም እኔን ከሰሰ፤ እኛ አብረን መቀመጥ ባቆምንበት ጊዜ ሁለቱ ክሶቻችን በማዕከልዎ ዳታቤዝ ውስጥ ጎን ለጎን በሰላም ተቀመጡ።

አምና ጊፋታ ሲቃረብ ግን እንደ ወጋችን ነገሩ ተነሣ። ጊፋታ ዘመን መለወጫችን ነው፤ ቤት ይጠረጋል፣ በሬ ይጣላል፣ የተጣላ ይታረቃል፣ ቂም ይዞ ወደ አዲሱ ዓመት መሻገር ነውር ነው። ያስታረቁን የሠፈራችን ሽማግሌ አቶ ፋንታዬ ናቸው። የእርሳቸው አሠራር ከሌላው ለየት ይላል፤ ማን በደለ ብለው አይጠይቁም። መጀመሪያ ከአንድ ገበታ ለመጨረሻ ጊዜ የበላችሁት መቼ ነው ይላሉ። ሁለቱም ወገን በዚያ ቀን ላይ ሲስማማ፣ ከዚያ ወዲህ የሆነውን አንድ በአንድ፣ በየተራው፣ ሳያዘልሉ ያስነግራሉ። የዘለለ ወደ ኋላ ይመለሳል። ክፉው ቃል የተነገረበት ቦታ ላይ ሲደረስ፣ በቃ እዚህ ቁሙ ይላሉ፤ እርቁም ከዚያው ላይ ይቀጠላል። እኔ በመካከል ሳቅ አመለጠኝና ተቆጡኝ። ለምን እንደሳቅሁ ወደ ታች እመጣበታለሁ።

እርቅ ደም ያደርቅ እንዲሉ፣ ጦና መተላለፊያዋን ለቀቀልኝ፣ እኔ አቮካዶውን ለቀቅሁለት። እናታችን እልፍነሽ ምሳዋን ጦና ቤት፣ እራቷን እኔ ቤት በልታ በመተላለፊያዋ ደርሳ የምትመለስ ሆነች። ጊፋታ እንዳለፈ ሁለታችን በአንድ ባጃጅ ተሳፍረን ወደ ማዕከሉ መጣን። ያን ጊዜ የቀድሞዋ ኃላፊ ወይዘሮ አሳየሽ ወደ ዲምቱ ተዛውረው፣ እርስዎ ገና መሾምዎ ነበር፤ ወንበሩ ራሱ ገና አልለመደዎትም ነበር። ድንበሩ ተስተካከለ፣ ሁለቱም ክሶች ተዘጉ፣ በዚያ ወንበር ላይ ተቀምጠው መጀመሪያ ያጸደቁት ጉዳይ የእኛ እርቅ ሆነ። በመካከላችን ቆመው የሁለታችንንም እጅ ይዘው ፎቶ ተነሡ፤ በማዕከሉ የፌስቡክ ገጽ ላይም «በዲጂታል አገልግሎት የጸና ወንድማማችነት» የሚል ጽሑፍ ወጣበት። ፎቶው እስካሁን አለ። ጦና ዓይኑን ጨፍኗል፣ የእኔ ኮሌታ ተጣሟል፣ እርስዎ ግን በጣም አምረዋል።

ይህ በእንዲህ እንዳለ፣ ምስጋናዎቻችንን በቁጥር እናቀርባለን።

፩. በነሐሴ ዝናብ መብራት ሲጠፋ ሰርቨሩን ደግፎ ማቆየት የነበረበትን የመጠባበቂያ ባትሪ ለእንግዳ መቀበያው ቴሌቪዥን ስለመደባችሁልን ከልብ እናመሰግናለን። በዚያ ቀን የነበሩ ባለጉዳዮች እንደመሰከሩት፣ የኳሱ ጨዋታ አንዲት ደቂቃ እንኳ ሳይቋረጥ እስከ መጨረሻው ታይቷል። ሰርቨሩ ግን ከእረፍት በፊት ተሰናብቷል።

፪. የወደቀውን ዳታቤዝ በአጭር ጊዜ ከባክአፕ መልሳችሁ ስላስነሣችሁልን እናመሰግናለን። ይህ ቀላል ነገር አይደለምና፣ ለማያውቀው አንባቢ ትንሽ ባስረዳ ቅር እንደማይልዎት ተስፋ አደርጋለሁ። ባክአፕ ማለት ዳታቤዙ በአንድ ቀን የነበረው መልክ ሙሉ ግልባጭ ነው። ጠንቃቃ ቤት ግልባጭ በየቀኑ ይወስዳል። ማዕከላችን ደግሞ ባህል አክባሪ ስለሆነ በዓመት አንድ ጊዜ፣ ለጊፋታ ቢሮው ሲጠረግ፣ መስኮት ከተወለወለ በኋላ መጋረጃ ከመታጠቡ በፊት ይወስዳል። ይህም ባልከፋ፤ ምክንያቱም ከግልባጩ ወዲህ የተደረገው ለውጥ ሁሉ በየተራው የሚጻፍበት ሎግ የሚባል ፋይል አለ። ማን ምን ጨመረ፣ ማን ምን ሰረዘ፣ ማን አጸደቀ፣ ሁሉም በቅደም ተከተሉ እዚያ ይገኛል። ዳታቤዝ ሲወድቅ መጀመሪያ ግልባጩ ይመለሳል፤ ቀጥሎ ሎጉ ከዚያ ቀን አንሥቶ እስከ ውድቀቱ አፋፍ ድረስ አንድ በአንድ፣ ሳይዘለል ይደገማል። አቶ ፋንታዬ መጨረሻ አብራችሁ የበላችሁት መቼ ነው ብለው ሲጀምሩ ሳቅ ያመለጠኝ ለዚህ ነበር።

ማዕከልዎ ከዚህ ሥራ የመጀመሪያውን ግማሽ እጅግ ባማረ ሁኔታ ሠርቷል። ግልባጩ ተመለሰ፣ ሲስተሙ ተከፈተ፣ ተጨበጨበ፣ «መረጃው መቶ በመቶ ተመልሷል» የሚል ሪፖርት ወደ በላይ ተላከ፣ የምስክር ወረቀት ታደለ። ሎጉ ግን ማንም ሳይነካው እስከ ዛሬ በዲስኩ ላይ ተቀምጧል። መረጃው መቶ በመቶ መመለሱን እኔም በሙያዬ እመሰክራለሁ፤ የተመለሰው ወደ አምና መሆኑ ብቻ ነው።

፫. እኔንና ወንድሜን ሳያበላልጡ በእኩል ዓይን ስላዩን እናመሰግናለን። የተመለሰው ሲስተም ዓይኑን ሲገልጥ ሁለት ያልተዘጉ ክሶች አገኘ፤ ዓመት ሙሉ ቀጠሮ ሳይሰጣቸው መቆየቱም ሳይቆጨው አልቀረም። ወዲያው ለሁለታችንም በስልካችን መልእክት ላከ። የእኔ፣ ወንድምዎ አቶ ጦና በእርስዎ ላይ ያቀረቡት የድንበር ክስ ስለሚታይ ከጊፋታ በኋላ ቀርበው መልስ ይስጡ፣ ባይቀርቡ ድንበሩ በክሱ መሠረት ይከለላል የሚል ነበር። ለጦና የደረሰውም ቃል በቃል ይኸው ሆኖ በእርሱ ስም ቦታ የእኔ ስም ገብቶበታል። ከግርጌው «አሳየሽ፣ የማዕከሉ ኃላፊ» ይላል። ይህችን ግርጌ ለጊዜው እንለፋት።

እዚህ ላይ ቀልዱ ትንሽ ይቆማል። ዳታቤዝ አስተምሬ የምበላ ሰው ነኝ፤ ያንን መልእክት ሳነብ መጠርጠር የነበረብኝ ሲስተሙን ነበር። የጠረጠርኩት ግን ወንድሜን ነው፤ እርሱም እኔን። አምና ሽማግሌ ፊት ተሳስመን የተውነውን ነገር ከጀርባዬ ሄዶ ቀሰቀሰው ብዬ ደመደምኩ። በእኛ አገር የታረቁትን መልሶ መክሰስ ከመጀመሪያው ጠብ ይብሳል፤ ሰው ፊት የሚያስቆም አይደለም። መነጋገር አቆምን። ጦና በየገበያው ቀን በቅርጫት የሚልክልን አቮካዶ ቀረ። በመተላለፊያዋ ስንገናኝ ሁለታችንም ስልካችንን እያየን እንተላለፍ ነበር፤ ያጣላንም ያው ስልክ መሆኑን አላስተዋልንም። እናታችን ደግሞ ምሳውንም እራቱንም ትታ ሻንጣዋን አሰረች። ጊፋታን ቤሌ ከተማ እህቴ ዘንድ እውላለሁ አለች። እናታችን ካገባች ጀምሮ ጊፋታን ከዚያ ግቢ ውጭ ውላ አታውቅም። ሻንጣው እስከ ዛሬ በሩ ሥር ቆሟል።

፬. አራተኛው ምስጋና በእናታችን ትእዛዝ ተሰርዟል። ደብዳቤው ሲነበብላት እዚህ ላይ ሲደረስ፣ ኃላፊውስ እናት የለውም እንዴ፣ ስሟ ሲነሣ ብትሰማ ምን ትላለች ብላ ስለተቆጣች ቁጥሩን ትተን ይዘቱን አጥፍተነዋል። ማወቅ የሚፈልግ ካለ ሎጉን ይጠይቅ።

እንዴት እንደታረቅንም መናገር አለብኝ፤ አለበለዚያ ይህን ደብዳቤ ሁለታችን እንዴት እንደጻፍነው አይገባዎትም። አቶ ፋንታዬ ጠሩንና ያንኑ ሥራቸውን ጀመሩ። መጨረሻ አብራችሁ የበላችሁት መቼ ነው? ቀኑን ተናገርን። ከዚያስ? ከዚያማ መልእክት መጣ። ከመልእክቱ በፊት ማን ቢሮ ሄደ? እኔ አልሄድኩም። ጦናም አልሄደም። አቶ ፋንታዬ ካልሄዳችሁ እንግዲህ ማን ከሰሰ ብለው ሁለቱንም ስልኮች ተቀብለው በጉልበታቸው ላይ ጎን ለጎን አኖሯቸው። መነጽር ያለው ጦና ነበርና እርሱ ጎንበስ ብሎ አነበበ። ግርጌው ላይ ሲደርስ በወላይትኛ አንድ ነገር አለ፤ ወደ አማርኛ ስመልሰው ቅመሙ ይቀንሳል እንጂ እንዲህ ነው፦ «አሳየሽ ዲምቱ ከሄደች ዓመቷ አይደለም እንዴ? እዚያ ሆና ነው እኛን የምታጣላው?»

ያን ጊዜ ነገሩ ሁሉ በአንድ አፍታ በራልኝ። ከአፌ የወጣው ግን የሙያ ቃል አልነበረም፤ ወንድሜን ይቅር በለኝ ነው ያልኩት። እርሱም መልስ ሳይሰጠኝ ተነሥቶ ሄደ። የተቀየመ መስሎኝ ደነገጥኩ። ሲመለስ የቀረብንን አቮካዶ ሁሉ በአንድ ማዳበሪያ ከረጢት ተሸክሞ ነበር፤ ግማሹ ከመብሰል አልፎ ነበር፤ እንዳለ በላነው።

፭. በማግሥቱ አብረን ወደ ማዕከሉ ስንመጣ ስለሰጡን ትዕግሥት የተሞላበት መመሪያ እናመሰግናለን። በመስኮቱ ያለችው ሠራተኛ ስክሪኑን አይታ፣ ሲስተሙ የሚያሳየው እንደተጣላችሁ ነው አለችን። ጦናም በዚያ በሚጥም አማርኛው፣ «እኛማ ታርቋል፤ ያልታረቀ ኮምፒውተር ብቻ ነው» ሲል መለሰላት። አምና የተሰጠንን አዲሱን የይዞታ ደብተር አወጣን፤ ሲስተሙ አያውቀውም ተባልን። የፌስቡኩን ፎቶ አሳየን። እርስዎም ከቢሮዎ ብቅ ብለው፣ በፎቶው ላይ ያለው ሰው ራስዎ መሆንዎን ሳይክዱ፣ ፌስቡክ ማስረጃ እንደማይሆን አስረዱን። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባል ነበር፤ ወረቀትማ የሚያሳዝን የዋህ ነገር ነው፣ ሲስተም ግን አንዴ የለቀቀውን እንኳ ዞሮ ይይዛል።

ቀጥሎም፣ ክስ እንዲዘጋ መጀመሪያ መታየት እንዳለበት፣ እንዲታይም ሁለቱ ወገኖች በኮሚቴ ፊት ቀርበው መከራከር እንዳለባቸው፣ ክርክር ከሌለ ውሳኔ እንደሌለ፣ ውሳኔ ከሌለ መዝጋት እንደሌለ በዝርዝር ነገሩን። ባጭሩ በሕግ ለመታረቅ በሕግ መጣላት ነበረብን። እኛም ታዛዥ ዜጎች ስለሆንን በኮሪደሩ ላይ ልምምድ ጀመርን። ጦና አንተ ጀምር አለኝ። እኔ ታላቅ እያለ ታናሽ አይጀምርም አልኩት። ከሳሽ አንተ ነህ አለኝ። አንተም ከሳሽ ነህ አልኩት። ማን ይጀምር በሚለው ከምር ልንጣላ ጥቂት ሲቀረን ጦና በሳቅ ፈነዳ፤ ጥበቃውም ቢሮ ውስጥ መሳቅ ክልክል ነው ብለው አስወጡን። ስለዚህ ክርክሩ በእኛ ድክመት ሳይካሄድ ቀርቷል።

፮. የመጨረሻውና ትልቁ ምስጋናችን በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ስለለጠፋችሁት የጊፋታ ጽዳት ማስታወቂያ ነው። ለማያውቁት ላንብበው። ከበዓሉ በፊት ግቢው እንዲጠረግ፣ መስኮቶች እንዲወለወሉ፣ «ቦታ የያዙ አሮጌና አላስፈላጊ ፋይሎች ከሰርቨሩ እንዲወገዱ»፣ ከዚያም የዓመቱ ሙሉ ግልባጭ እንዲወሰድ ይላል። በዚያ ሰርቨር ላይ ከሁሉ ይበልጥ ቦታ የያዘው አሮጌ ፋይል ያው ሎጉ ነው። ይህን ማን ነገረህ ቢሉኝ ማንም አልነገረኝም። የማዕከሉ የዳታቤዝ ባለሙያ ማክዳ የቀድሞ ተማሪዬ ናት፤ አግኝቻት ስጠይቃት የመሥሪያ ቤቷን ምስጢር ጠብቃ አንዲት ቃል አልተነፈሰችም። ያልተነፈሰችው ግን እጅግ በዝግታ፣ ፊቷን ወደ ሰሌዳው አዙራ ነበር።

እንግዲህ ክቡርነትዎ፣ ማስታወቂያው በሥራ ላይ ከዋለ የሚሆነው ይህ ነው። እርቃችን የተጻፈበት ፋይል ከአሮጌው ዓመት ጉድፍ ጋር አብሮ ይጠረጋል። ጠባችን ግን በአዲስ ግልባጭ ላይ ንጹሕ ሆኖ ይቀመጣል፤ ከዚያ በኋላ ሰርቨሩ በወደቀ ቁጥር እየታጠበ የሚነሣው እርሱ ነው። ለጊፋታ ሰው ቂሙን ጠርጎ እርቁን ያስቀራል። እርቁን ጠርጎ ቂሙን ለማስቀመጥ የመጀመሪያው መሥሪያ ቤት ማዕከልዎ ሳይሆን አይቀርም፤ ለዚህ ፈር ቀዳጅነቱም ሌላ የምስክር ወረቀት ሳያስፈልገው አይቀርም።

እናታችን ከታረቅን በኋላም ሻንጣዋን አልፈታችም። ምን ቀረሽ አልናት። «እናንተማ ታረቃችሁ» አለች። «እኔ አልፋለሁ፣ እናንተም ታልፋላችሁ። ያ ኮምፒውተር ግን ይቀራል። የልጅ ልጆቼ አንድ ቀን ሄደው ቢጠይቁት፣ አባቶቻችሁ ተካሰው ሞቱ ሊላቸው አይደል? ወንድማማቾች ነበሩ የሚላቸው ማን ነው?» አለችን። ጦና ወደ እኔ አየ፤ የተማርከው አንተ ነህና መልስላት ማለቱ ነው። እኔ ግን ወረቀትና እስክሪብቶ አነሣሁ፤ ይህ ደብዳቤም ያን ጊዜ ተጀመረ። ምክንያቱም እውነቷን ነው። አቶ ፋንታዬም አንድ ቀን ያልፋሉ፤ በቃል የሚያስታውስልን ሲያልፍ የሚተርፈው የእርስዎ ሲስተም ነው።

ስለዚህ የምንለምንዎት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መጥረጊያው ከመነሣቱ በፊት ሎጉ ይደገም። ሲስተሙን መዝጋት፣ ባለጉዳይ ማጉላላት አያስፈልግም። ከኮሌጃችን ላብራቶሪ አንድ ኮምፒውተር አመጣለሁ፤ የአምናው ግልባጭ እዚያ ላይ ይመለሳል፣ ሎጉ ከኋላው ይከተላል፣ መብራት ከመጥፋቱ በፊት ባለችው ቅጽበት ላይ ይቆማል። ሲስተሙ ዳግም ከተከፈተ ወዲህ የገባው ጥቂት ነው፤ እርሱ በእጅ ይጨመራል። ማክዳ አሠራሩን ታውቀዋለች፤ ፈተና ላይ ጠይቄያት ሳትሳሳት መልሳለች። የጎደላት የእርስዎ «እሺ» ብቻ ነው። በዚህም የምንጠቀመው እኛ ብቻ አይደለንም፤ ከአምና ጊፋታ ወዲህ የወረሰ፣ የተካፈለ፣ ድንበሩን ያስተካከለ ሁሉ ሳያውቀው ወደ አምና ተመልሶ ተቀምጧል፤ ገና መልእክት ስላልደረሰው ነው እንጂ ደስታውን ከእኛ ጋር በተጋራ ነበር። ወደ በላይ የተላከው ሪፖርት ውሸት ይሆንብኛል ብለው እንዳይሰጉም፤ ሎጉ ከተደገመ በኋላ ያ ሪፖርት ለመጀመሪያ ጊዜ እውነት ይሆናል።

እሺ ካሉን በጊፋታ ዕለት ግቢያችን ክፍት ነው። የጦና ሚስት ከእንሰት የሚሠራውን ሙቿ ከቅቤ ጋር ታቀርባለች፣ ሥጋውም ከዳታው ጋር፣ ከሚያቃጥለው ከደጉ ዳታ ጋር ይኖራል። እናታችንም ቤሌ አትሄድም። ዮዮ ጊፋታ፣ እንኳን አደረሰን ብለን በአንድ ገበታ እንቀመጣለን፤ ፎቶም እንነሣለን፣ ጦናም ዓይኑን እንዲገልጥ እንነግረዋለን።

ለማዕከሉ ብርታትን፣ ለሰርቨሩ ባትሪን፣ ለእርስዎ ረጅም ዕድሜንና ትንሽ ማስታወስን እየተመኘን፣ በአንድ ጠረጴዛ ላይ በአንድ እስክሪብቶ ተቀባብለን የፈረምን፣

ኤልሳዕ ሻንቆ፣ የአቶ ጦና ከሳሽና ታናሽ ወንድም
ጦና ሻንቆ፣ የአቶ ኤልሳዕ ከሳሽና ታላቅ ወንድም

ግልባጭ፦
ለእናታችን ለወይዘሮ እልፍነሽ፣ ሻንጣቸው ባለበት

ድኅረ ጽሑፍ፦ ከላይ ያለፍናትን ግርጌ ረስተን ልንዘጋ ነበር፤ ጦና አስታወሰኝ። በመልእክቱ ላይ የወይዘሮ አሳየሽ ስም መስፈሩን ለቀድሞ ኃላፊ የተሰጠ ክብር አድርገን አይተነው ነበር። ነገሩ ሌላ ነው። ግልባጩ የተወሰደው ከአምናው ጊፋታ በፊት ነው፤ እርስዎ የተሾሙት ከጊፋታ በኋላ ነው። ስለዚህ አሁን በሚሠራው ሲስተም ውስጥ እርስዎ የሉም፤ ከተመለሰበት ቀን ጀምሮ ያጸደቁት ሁሉ የጸደቀው በወይዘሮ አሳየሽ ስም ነው። ዲምቱ ደውለን ይህንኑ ነግረናቸው በጣም ስቀዋል፤ ወንበሩ ይፈልገኛል ካላችሁማ ልብሴን ልሰብስብ ብለው ሰላምታ ልከውልዎታል። ሲስተሙ ትክክል ነው ካሉ እንግዲህ ቢሮውን ያዘጋጁላቸው። ተሳስቷል ካሉ ግን ሹመትዎ የሚገኘው እዚያው አላስፈላጊ በተባለው ፋይል ውስጥ፣ ከእኛ እርቅ ጥቂት ከፍ ብሎ ነው። ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ ይባላልና ከመጥረግዎ በፊት ያስቡበት፤ ከተጠረግን አብረን ነው የምንጠረገው።